«እማ፣ በሩ ላይ አማርኛ አታውሪኝ»

ደብዳቤው

«ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከአውስትራሊያ፣ ከቤንዲጎ ከተማ ነው። ከአዲስ አበባ ከመጣን ሁለት ዓመት ተኩል ሆነን። ባለቤቴ መሐንዲስ ነው። ቪዛችን 491 የሚባለው፣ ለክልል ከተሞች የሚሰጠው ስለሆነ ሜልበርን ገብተን መኖር አንችልም። እኔ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል እሠራለሁ። እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው።

ሁለት ልጆች አሉን። ትልቋ 11 ዓመቷ ነው፣ አምስተኛ ክፍል ናት። ትንሹ 7 ዓመቱ ነው። ትልቋ አሁን እንግሊዝኛውን እንደ አገሬው ልጅ ታንበለብለዋለች። የትምህርት ቤቱን መልእክት የምታነብልኝ፣ ስልክ ሲደወል የምታነሳልኝ እሷ ናት። በቀደም አንድ መልእክት ሳትነግረኝ ቀረች። ልጆቹ ሁሉ ፒጃማ ለብሰው በመጡበት ቀን ትንሹን በዩኒፎርም ላክሁት። እያለቀሰ ተመለሰ። በጣም ተቆጣኋት።

ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤት ልወስዳት ሄጄ በሩ ላይ ‹ነይ የኔ እናት› ብዬ ስጠራት ፊቷ ተለዋወጠ። መኪና ውስጥ ገብተን ‹እማ፣ በሩ ላይ አማርኛ አታውሪኝ። ዝም ብለሽ ጠብቂኝ› አለችኝ። ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም። ምሳ ዕቃዋን ስከፍት እንጀራው ሳይነካ ነው የሚመለሰው። ጁን መጨረሻ ላይ ሪፖርቷ መጣ። ንባቧ ከሚጠበቀው በታች ነው ይላል። ማርች ላይ ግን መምህሯ ሲያነጋግሩኝ ያስተረጎመችልኝ እሷ ናት። ‹ሁሉም ጥሩ ነው ይላሉ› ብላኝ ነበር። ዋሽታኛለች። ባለቤቴ በእንግሊዝኛ ስታወራ ማንም እንዳይመልስላት ወስኗል። ይባስ ብላ ደግሞ ጓደኛዋ ቤት ማደር እፈልጋለሁ እያለች ታለቅሳለች። ልጄ አፈረችብኝ። ምን ላድርግ?»

እናት፣ ከቤንዲጎ

መልሱ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ንባብ ልቤ የቀረው እንዳንቺው በሩ ላይ ነበር። ሁለተኛ ስመለስበት ግን ሌላ ነገር ታየኝ። ልጅሽ ሥራ አላት። መልእክት ታነባለች። ስልክ ታነሳለች። ስብሰባ ላይ ታስተረጉማለች። ስትረሳ ደግሞ ትወቀሳለች። ይኼን ሁሉ የምትሠራው በ11 ዓመቷ ነው።

እኔ ልጅሽ ባንቺ ያፈረች አይመስለኝም። በአማርኛም ያፈረች አይመስለኝም። በዚያ በር ላይ አማርኛ ስትሰማ ሥራዋ መጀመሩ ነው። ከጓደኞቿ ጋር እየሳቀች ትወጣለች። መምህሯ ብቅ ይላሉ፣ አንድ ነገር ይናገራሉ። አንቺ ወደሷ ትዞሪያለሽ፤ «ምን አሉ?» ጓደኞቿ ቆመው ያያሉ። በዚያች ደቂቃ ልጅነቷ ያልቃል፣ የቤተሰቡ ጉዳይ አስፈጻሚ ትሆናለች። «ዝም ብለሽ ጠብቂኝ» ስትልሽ «አሁን ልጅ ልሁን» ማለቷ ሊሆን ይችላል።

ይኼን የምልሽ ከመጽሐፍ አይደለም። እኔም ልጆቼን ያሳደግኩት ከትልቅ ከተማ ርቄ ነው። የመጀመሪያ ልጄ 10 ዓመቱ እያለ አንድ ክሊኒክ ይዤው ሄድኩ። ነፍሰ ጡር ነበርኩ፣ ደም ያየሁ ጊዜ ደነገጥኩ። አስተርጓሚ የሚባል ነገር መኖሩን የነገረኝ አልነበረም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ሐኪሙ የሚጠይቀውን ሁሉ ለልጄ ይነግረዋል። ልጄ ወለሉን እያየ ይነግረኛል። ቃሉ ሲጠፋው ዝም ይላል። ጽንሱ ምንም አልሆነም፣ ደኅና ወለድኩ። ነገሩንም ረሳሁት። ልጄ ግን አልረሳውም። 24 ዓመት ሲሞላው ነው የነገረኝ፤ «እማዬ፣ ያን ሌሊት ትሞታለሽ ብዬ ሳልተኛ ነው ያደርኩት። ለማን እንደምናገር አላውቅም ነበር» አለኝ። ስለዚህ ያንቺን ደብዳቤ ሳነብ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

«ዋሽታኛለች» ስላልሽው እንነጋገር። እስቲ ራስሽን በሷ ቦታ አድርጊ። መምህሩ ስለ አንቺ ድክመት ለእናትሽ ይናገራሉ፣ ተርጓሚዋ ደግሞ አንቺው ነሽ። የትኛው ልጅ ነው በራሱ ላይ እንዲህ የሚመሰክር? ሌላም ነገር አለ። ይቺ ልጅ ከአዲስ አበባ ስትወጣ 9 ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላትም። አማርኛዋ የዘጠኝ ዓመት ልጅ አማርኛ ነው። «ከክፍል ደረጃው የሚጠበቀውን የንባብ ችሎታ ገና አልደረሰችም» የሚለውን በየትኛው አማርኛ ትንገርሽ? ምናልባት ያላት ቃል «ጥሩ ነው» ብቻ ነበር። ስለዚህ በዚህ አትቅጫት። ቀጥተሻትም ከሆነ ይቅርታ ጠይቂያት።

ሪፖርቱንም ቢሆን በአገር ቤት ዓይን አትይው። እዚህ «ከክፍሏ ስንተኛ ወጣች?» የለም። ሪፖርቱ የሚለው በዚህ ክፍል ካለ ልጅ የሚጠበቀው ጋር ስትነጻጸር የት እንዳለች ነው። የጨዋታ እንግሊዝኛ በአንድ በሁለት ዓመት ይገባል። የመጽሐፍ እንግሊዝኛ ግን ሌላ ነው፤ አምስት ዓመትና ከዚያም በላይ ይወስዳል። ልጅሽ ስታወራ ስለምታንበለብለው መምህራኑም ሊሸወዱ ይችላሉ። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ለሆነ ልጆች ኢኤኤል የሚባል ድጋፍ አለ። ታገኛለች ወይ ብለሽ ጠይቂ። ይኼንን ጥያቄ ግን በሷ አፍ አትጠይቂው።

ታዲያ በማን አፍ? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ የነገሩ ቁልፍ ይኼ ነውና። ትምህርት ቤቱ አስተርጓሚ ማዘጋጀት ይችላል፣ ወጪው ያንቺ አይደለም። ቢሮው ሄደሽ ወይም ደውለሽ አንዲት ዓረፍተ ነገር በይ፤ «አይ ኒድ አን አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር፣ ፕሊዝ»። ሌላ ምንም አይጠበቅብሽም። አምሃሪክ የሚለውን ቃል ወረቀት ላይ ጽፈሽ ብታሳያቸውም ይገባቸዋል። ቲአይኤስ የሚባለው ብሔራዊ የአስተርጓሚ አገልግሎት ስልኩ 131 450 ነው። ሌት ተቀን ይሠራል። መምህሯ ስልኩን ድምጽ ማጉያ ላይ ያደርጉታል፣ አስተርጓሚዋ በመሃላችሁ ትናገራለች። በስልክ ስለሆነ ቤንዲጎ ውስጥ አማርኛ ተናጋሪ ባይኖርም ችግር የለውም። ስብሰባው በአስተርጓሚ ሲሆን ጊዜው እጥፍ ይሄዳል፤ ስለዚህ ረዘም ያለ ቀጠሮ ስጡኝ በይ።

የምትፈሪውን አውቃለሁ። የኛ ሰው ጥቂት ነው፣ ሁሉም ይተዋወቃል። «አስተርጓሚዋ የማውቃት ሰው ብትሆንስ? ጉዳዬ ቤተ ክርስቲያን ቢደርስስ?» ትያለሽ። እኔም ለዓመታት ያስቀረኝ ይኼ ፍርሃት ነው። ባለሙያ አስተርጓሚዎች የሰሙትን ላለማውራት የሙያ ግዴታ አለባቸው። በስልክ የምታገኚያትም ፐርዝ ወይም አዴሌድ ያለች ልትሆን ትችላለች። ድምጿን ካወቅሽው ሌላ ሰው ይቀየርልኝ ማለት መብትሽ ነው። ሆስፒታልም ስትሄጂ፣ ባንክም ቢሆን፣ አስተርጓሚ ጠይቂ። ልጅሽ ሱፐርማርኬት ውስጥ «ይኼ ስንት ነው?» ብላ ብትጠይቅልሽ ምንም አይደል፣ ደስም ሊላት ይችላል። ሐኪም፣ ባንክ፣ የመንግሥት ቢሮና የራሷ ትምህርት ቤት ግን የሷ ጉዳይ አይደሉም።

አሁን ወደ ባለቤትሽ ልምጣ። በአክብሮት ነው የምናገረው፣ ግን በግልጽ። እሱ መሐንዲስ ነው፣ እንግሊዝኛ ይችላል። የትምህርት ቤቱ መልእክት ታዲያ ለምን በልጅቷ በኩል ያልፋል? ሥራ እንደሚበዛበት አይጠፋኝም። ግን የትምህርት ቤቱ አፕ በስልኩ ላይ ለመጫን አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ማታ ማታ አስር ደቂቃ ተቀምጣችሁ አብራችሁ አንብቡት። እሱ በሌለበት ቀን አንቺ መልእክቱን ቀድተሽ ስልክሽ ላይ ወዳለው ጉግል ትራንስሌት አስገቢው። አማርኛው አንዳንዴ ይወለጋገዳል፣ ቀኑና ዕቃው ግን ይገባሻል። የፒጃማ ቀኑን፣ የጉዞ ፈቃድ የሚፈረምበትን ቀን፣ የስፖርት ቀኑን ማቀዝቀዣው ላይ በአማርኛ ጽፋችሁ ለጥፉ። ከኦገስት አጋማሽ ጀምሮ ደግሞ ኮፍያ አይረሳ። በምትኖሩበት ግዛት፣ ቪክቶሪያ ውስጥ ብዙ ትምህርት ቤቶች ፀሐዩ ሲበረታ ኮፍያ የሌለውን ልጅ ጥላ ሥር ያስቀምጡታል። ትንሹ በዚህ ምክንያት ሌላ ቀን እያለቀሰ እንዳይመጣ።

በእንግሊዝኛ ስታወራ አለመመለስ የሚለውን ውሳኔ እባካችሁ ተዉት። ልጅ ተናግሮ ዝም ከተባለ የሚማረው አማርኛ አይደለም። እቤት ውስጥ አለመናገርን ነው። እናንተ በአማርኛ ተናገሩ፣ እሷ በፈለገችው ትመልስ። በእንግሊዝኛ ያለችውን በአማርኛ ደግመሽ እየቀጠልሽ አውሪያት። «አይም ሀንግሪ» ስትል «እኔም ርቦኛል፣ ምን እንብላ?» በያት። ጆሮዋ ውስጥ ይቀመጣል።

አማርኛ ደግሞ የምትደሰትበት ቦታ ይፈልጋል። እስካሁን አማርኛ ማለት ለሷ የትርጉም ሥራ ነበር። አያት አሏት? ቅዳሜ አመሻሽ 12 ሰዓት ላይ ብትደውሉ አዲስ አበባ ረፋድ ላይ ነው፣ ለአያት ምቹ ሰዓት። አንቺ አጠገቧ ቁጭ ብለሽ እያረምሻት ሳይሆን፣ እሷ ብቻዋን ስልኩን ይዛ ወደ ክፍሏ ትግባ። አያቶች የሚሳሳትን ልጅ አያሳፍሩም። መኪና ውስጥ ደግሞ እንቆቅልሽ ተጫወቱ። እኔ ልጆቼን ረጅም መንገድ ስነዳ «እንቆቅልሽ» «ምን አውቅልሽ» እያልን ነበር የምንደርሰው። ያላወቀው «አገር ስጠኝ» ሲባል ትንሹ ልጄ እናቱን ለመጉዳት ብሎ ሁልጊዜ አዲስ አበባን ይነፍገኝና ሩቋን የቪክቶሪያ ከተማ ሚልዱራን ይሰጠኝ ነበር። ሚልዱራ ገብቼ ብዙ ጊዜ ነግሻለሁ።

በወር አንድ ጊዜ እንኳ ፉትስክሬይ ውረዱ፣ ሜልበርን ውስጥ የኛ ሰው ሱቆች ያሉበት ሰፈር ነው። የቤንዲጎ ባቡር እዚያው ፉትስክሬይ ይቆማል፣ ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ከ2026 መጀመሪያ ጀምሮ ቪክቶሪያ ውስጥ ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች የወጣቶች ማይኪ የሚባለው የትራንስፖርት ካርድ ካላቸው በነጻ ይሳፈራሉ። እንጀራውን ትገዣለሽ። ልጅሽ ደግሞ እሷን የሚመስሉ፣ አማርኛና እንግሊዝኛ ቀላቅለው የሚያወሩ ልጆችን ታያለች። እናቶቻቸው ጮክ ብለው ሲጠሯቸውም ትሰማለች።

ስለ ምሳ ዕቃው አጭር ላድርገው። እንጀራው የተመለሰው ስለናቀችው ላይሆን ይችላል። በብዙ ትምህርት ቤቶች ልጆች ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ለመብላት አስር ደቂቃ ያህል ነው ያላቸው፣ ከዚያ ወደ ጨዋታ። ማሞቂያ የለም። እጅ መታጠቢያው ሩቅ ነው። የቀዘቀዘ ወጥ በእጅ በልቶ እጁን ሳይታጠብ ገመድ የሚዘል ልጅ የለም። በእጅ ተይዞ ቶሎ የሚያልቅ ነገር ላኪላት። አምባሻ፣ የምስር ሳምቡሳ (ለጾሙም ይሆናል)፣ የተቆረጠ ድፎ ዳቦ ከፍራፍሬ ጋር። ቆሎም ይሆናል። ኦቾሎኒ ግን አትጨምሪበት፣ አለርጂ ያለባቸው ልጆች ስላሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች አይፈቅዱም። እንጀራውን ማታ ሞቅ አድርጋችሁ አብራችሁ ብሉ።

በሩ ላይስ? ለጊዜው የጠየቀችሽን አድርጊላት። እጅሽን አውለብልቢላት፣ ፈገግ በይ፣ ጠብቂያት። ሽንፈት አይደለም። ግን ዝም ብለሽ ቆመሽ አትቅሪ። ቀና ብለሽ ለመምህሯ «ሄሎ፣ ሃው ዋዝ ሀር ደይ?» በያቸው። መልሱ ሁሉ ባይገባሽ ግድ የለም። ልጅሽ ማየት ያለባት ራስሽ ስትሞክሪ ነው። ቀን ባልገባሽበት ጊዜ ደግሞ የትምህርት ቤቱን ካንቲን ማገዝ ትችያለሽ። ለሕጻናት ሥራ የሚጠየቀው የዳራ ማጣሪያ ካርድ ለበጎ ፈቃደኛ ነጻ ነው። ሳንድዊች ለመጠቅለል ብዙ እንግሊዝኛ አይፈልግም፣ ከሌሎቹ እናቶች ጋር ግን ስም ለስም ትተዋወቂያለሽ። እንግሊዝኛሽንም አትተዪው። ኤኤምኢፒ የሚባለው ነጻ የእንግሊዝኛ ትምህርት ከ2021 ጀምሮ የሰዓት ገደቡ ተነስቷል። በኦንላይንም ይሰጣል። ደውለሽ ቪዛሽን ንገሪያቸው።

የምትኖሪበትን ከተማም ልብ በይው። ቤንዲጎ በፋሲካ ሰሞን የቻይና ዘንዶ በአደባባይ የሚያስወጣ ከተማ ነው። በ1850ዎቹ ወርቅ ፍለጋ የመጡ ሰዎች ነገር ነው፣ ዛሬ የከተማው ሁሉ ኩራት ሆኗል። የካረን ሕዝብም ከበርማ መጥቶ እዚያ ሰፍሯል። ከሌላ ቋንቋ ቤት የሚወጣው ልጅ ያንቺ ብቻ አይደለም። መስከረም 1 አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል፣ ወቅቱ የትምህርት ወቅት ነው። በዚያ ሰሞን ዋትል የሚባለው ቢጫ አበባ በየመንገዱ ይፈነዳል። እኔ አደይ አበባ ባጣሁበት አገር እሱን እየቀጠፍኩ ነበር እንቁጣጣሽን ያከበርኩት። የትንሹን መምህር ጠይቀሽ ዳቦና ቢጫ አበባ ይዘሽ ክፍሉ ግቢ። የ7 ዓመት ልጅ እናቱ ክፍሉ ስትመጣ ይፈነድቃል። ትልቋን ግን አስቀድመሽ ጠይቂያት። አይሆንም ካለች ተዪያት፣ ከወንድሟ ትሰማለች።

ጓደኛዋ ቤት ማደሩን በተመለከተ፣ እምቢ ማለት ትችያለሽ። ግን «በኛ ባህል የለም» ብለሽ አትዝጊው። መጀመሪያ ጓደኛዋ እናንተ ቤት ቀን መጥታ ትዋል። እናትየዋን ተዋወቂ። ቤቱ ውስጥ ማን ማን እንዳለ ባለቤትሽ ይጠይቅ። እዚህ አገር መጠየቅ ነውር አይደለም። ከዚያ በኋላም ልብሽ ካልተቀበለው እስከ ምሽት ትጫወትና ሄዳችሁ አምጧት።

ይኼን ሁሉ ከመጀመርሽ በፊት ግን አንድ ወሬ አለሽ። ዛሬ ማታ ትንሹ ሲተኛ ልጅሽ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጪ። በአማርኛ፣ በለሆሳስ ንገሪያት። «ብዙ ሥራ ሰጥቼሽ ነበር። የትምህርት ቤቱ ደብዳቤ፣ ስልኩ፣ ስብሰባው። ያ ሥራ የኔና የአባዬ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ያንቺ አይደለም። በፒጃማው ቀን ስለተቆጣሁሽ ይቅርታ።» ወዲያው ላታቅፍሽ ትችላለች። «ኢትስ ፋይን» ብላ ልትገላበጥ ትችላለች። ቅርም ሊላት ይችላል፣ ሥራው ትልቅ ሰው አድርጓት ነበርና። ጊዜ ስጫት።

የሚቀጥለው የመምህራን ቀጠሮ ሲደርስ አንቺና ባለቤትሽ ግቡ። አስተርጓሚዋ በስልኩ ትሁን። ልጅሽ ግቢው ውስጥ መወጣጫው ላይ ትጫወት። ስትጨርሺ ውጪና በሩ ላይ ጠብቂያት። ምን ብላ እንደጠራችሽ ጻፊልኝ።